ሠላሳ አራት ፈረስ

በመመሪያ መጽሐፏ መሠረት ቮልስዋገን መኪናዬ፣ ቮልሴ፣ 34 የፈረስ ጉልበት አላት። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ጀርመን አገር፣ ቮልፍስቡርግ በምትባል ሜዳማ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይጠጣም፤ አየርም ይስባል። አየሩ በአንድ አምስተኛ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሒሳቡን ሠራሁት፦ ከ34ቱ ፈረሶች ሰባቱ የአዋሽን ዳገት መውጣት አቅቷቸው እዚያው ቀርተዋል። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚጎትቱኝ የተረፉት 27ቱ ናቸው፤ ከእነሱም ጡረታ የወጡ ሳይኖሩ አይቀርም።

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ 335 ፈረስ አለው። (የመኪና ነገር ሲነሳ ዓመቱን በፈረንጅ ልቁጠር፤ ሞዴሉን በእኛ አቆጣጠር ብናገር መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚረዳኝ የለም።) የእሱ የ1966 ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። አሜሪካኖቹ «ማስል ካር» የሚሏቸውን ጡንቻማ መኪኖች ዘመን የከፈተችው ጂቲኦ ናት ይባላል። በ1964 እነ ጆን ዴሎሪያን ለትልልቆቹ ፖንቲያኮች የተሠራውን 6.4 ሊትር ሞተር መካከለኛ መኪና ውስጥ ሸጎጡና ወጣቱን አሳበዱት። ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪና ውስጥ ያን ያህል ሞተር እንዳይገባ ደንብ ነበረው። እነ ዴሎሪያን ታዲያ እንደ አዲስ ሞዴል ሳይሆን፣ ገዥው ከፈለገ እንደሚጨመርለት ዕቃ አድርገው አስመዘገቧት። ደንብን በጓሮ በር ማለፍ የእኛ ብቻ ሙያ አለመሆኑን ሳውቅ ቀለል አለኝ። የእኔዋ ሞተር 1.2 ሊትር ነው፤ ደንብ የሚጥስበት አቅምም የለው።

«እስቲ ስማት!» ይለኛል የአክስቴ ልጅ በስልክ፣ ኮፈኑን ከፍቶ። ነጎድጓድ ነው። እኔም በተራዬ ሞተሬን አስነስቼ ስልኩን ይዤ ወደ መኪናዋ ጀርባ እዞራለሁ፤ የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነውና። ጥቂት ዝም ብሎ ያዳምጥና፣

«እማዬ የስፌት መኪናዋን እስካሁን አልሸጠችውም እንዴ?» ይለኛል።

ሁለታችንም ማደስ የጀመርነው በተቀራራቢ ጊዜ ነው። አንዳችንም አልጨረስንም።

ቮልሴ የ1965 ሞዴል ስትሆን ያገኘኋት ከአጎቴ ነው። አጎቴ አስተማሪ ነበር። እሱ እንደሚለው በእሱ ዘመን ቮልስ የመምህር፣ የነርስና የባንክ ገንዘብ ከፋይ መኪና ነበረች፤ ሹም የሚይዘው መርሴዲስ ነው፣ ቮልስ የሚይዘው ሹሙን የሚያማው ነው። ዓይኑ ሲደክም ከጓሮ አቆማት። እኔ ልጠይቅ በሄድኩበት ወቅት በሹፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ነበር። አጎቴ ዋጋ ላይ ብዙም አልተከራከረኝም፤ ዶሮዋ ላይ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ስትፈለፍል ትወስዳታለህ» አለኝ። ጠበቅሁ። ቮልሷን ስረከብ ጫጩቶቹ ለመሰናበት ይሁን ለመቃወም ከበሩ ላይ ተሰልፈው ጮኹብኝ።

የቮልስ ታሪክ ከጉልበቷ ይልቅ ከባድ ነው። ሂትለር የሕዝብ መኪና ትሠራ ብሎ ሲያዝ 336,000 ያህል ጀርመናውያን በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ለመኪናዋ ቆጠቡ። ጦርነት መጣ፤ ፋብሪካው ወደ ጦር ተሽከርካሪ ዞረ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው መኪና አልተረከበም። ይህን ያደረገ ዕቁብ ሰብሳቢ በእኛ ሰፈር ቢሆን ምን እንደሚደርስበት አስቡት። ከጦርነቱ በኋላ አይቫን ኸርስት የሚባል የእንግሊዝ ሻለቃ የተደበደበውን ፋብሪካ አስነሣው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያቆማት ጠፋ። በ1972 በ15,007,034ኛዋ ቮልስ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ፣ 21,529,464ኛዋ፣ ሜክሲኮ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው።

በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ አንድ ወንበር ይዛለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግርማዊነታቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ ስለ አብዮቱ፣ ስለ ደርግ፣ ስለ ዘመን መለወጥ ያነሳል። አጎቴን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነው ሌላ ነው። «ቮልስ እኮ በሯ ሁለት ነው። ከኋላ ለመግባት የፊቱን ወንበር ታጥፋለህ፣ ጎንበስ ትላለህ። በዚያ ዕድሜያቸው!» ይላል። ከእሱ አፍ ስለዚያ ቀን ሌላ የፖለቲካ ትንተና ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያስፈልግም አይመስለኝም።

ቮልሷን አስጎትቼ ቄራ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለቤቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋሼ ሞተሩን አላዩም። አንዴ ዞሯት፤ ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው ጎኗ ላይ ለጠፉ። ማግኔቱ መሬት ወደቀ። አንስተው ሌላ ቦታ ለጠፉት። ወደቀ።

«ብረቱስ?» አልኳቸው።

«ሄዷል። ያለው ስቱኮ ነው።»

ከዚያ ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን በካቻቢቴ ነካ አደረጉት፤ ካቻቢቴው ሰምጦ ሄደ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ወለል የላትም። እስካሁን የተሸከማችሁ ምንጣፍ ነው» አሉኝ።

ቮልስ የምትበሰብሰው ከታች ነው። ከበሮቿ ሥር፣ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፍባቸው ሳጥኖች አሉ፤ ውኃ ከገባባቸው አይወጣም፤ ከውስጥ ሆኖ ይበላል። ባትሪዋ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ በዓመታት ወለሉን ይጨርሰዋል። ከላይ ያለው ቀለም እያብረቀረቀ ከታች አስፋልቱ ይታያል። ጋሼ ቆርጠው ጣሉት፤ ላሜራ ቀጥቃጩ አዲስ ወለል በመዶሻ አወጣላት፤ ተበየደ። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍኩት እንጂ ሲሠራ ዓመታት ወስዷል። ብረቱ አስቸግሮ አይደለም፤ ደመወዝ በወር አንዴ ስለሚመጣ ነው። የቀኙ ወለል ሲያልቅ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይደርሳል፤ የግራው ሲጀመር የቤቴ ጣራ ያፈሳል። ቮልሷ ሸራ ለብሳ ተራዋን ትጠብቃለች። ባለቤቴ «የበኩር ልጁ» እያለች ከጎረቤት ጋር ስታወራ ሰምቻለሁ፤ ማንን እንደሆነ አላጣራሁም።

ሞተሯ ግን ደግ ነው። ከመኪናዋ ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው፤ ጋሼና ረዳታቸው ክሪክ ደግፈው አንድ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ መሬት ላይ ያወርዱታል። ራዲያተር የላት፣ ውኃ የላት፤ የሚያቀዘቅዛት አየርና 2.5 ሊትር ዘይት ነው። የዘይት ፊልትሮ እንኳ የላትም፤ ወንፊት ብቻ። ቫልቮቿ የሚስተካከሉት ሞተሩ ድርቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ጋሼ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መጥተው ይሠሯታል። የካርቡራቶሯንም የቤንዚን ቀዳዳ ለአዲስ አበባ አየር በጠባብ ቀየሩላት። ከሁሉ የገረመኝ ከኋለኛ ሞዴል የተወሰደው የፊት መስታወት ማጠቢያዋ ነው፤ ውኃውን የሚገፋው የስኮርታው ጎማ አየር ነው። መስታወት ባጠብኩ ቁጥር ስኮርታዬ ይተነፍሳል። በክረምት ጭቃ መስታወት አጥርቶ ማየትና ጎማ ቢፈነዳ መድረስ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ቮልስ አትሰጥም፤ መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ሶማሌ ተራ እንሂድ።

ሶማሌ ተራ የሚኬደው አሮጌውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው። ጋዜጣውን ሳትፈታ ሻጩ «አለ» ይልሃል። ምን እንደፈለግህ አልነገርከውም፤ እሱ ግን አለው። አንድ ልጅ ወደ ጓዳ ይሮጥና የሌላ መኪና ዕቃ ይዞ ይመለሳል። «አይገጥምም» ስትል «ይገጥማል፣ ትንሽ ትሞረደዋለች» ይላል። ካልተስማማህ የደረጃው ወሬ ይጀመራል፦ የቻይና አለ፣ የብራዚል አለ፣ ኦሪጅናል ጀርመን አለ። ብራዚሎች ቮልስን ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ሠርተዋታል፣ ስለዚህ የብራዚሉ ውሸት ላይሆን ይችላል። ኦሪጅናል ጀርመን የተባለው ግን ብዙ ጊዜ ኦሪጅናልነቱ ዋጋው ላይ ነው። የተሰረቀበትን የራሱን ስፖኪዮ መልሶ ስለገዛው ሰው የሚወራውን ቀልድ የማያውቅ የለም፤ የቮልስ ባለቤት የሚጸልየው ግን ቀልዱ እውነት እንዲሆን ነው። ቢያንስ የሚገጥም ስፖኪዮ ይገኛል።

በዚያ ሁሉ መሀል አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ፤ ዕቃ ሲሸጡ የትውልድ ሐረጉን ይቆጥራሉ። የግራ ፍሬቻዬን ከእሳቸው ስገዛ ፍሬቻዋ የአንድ ሐኪም ቮልስ እንደነበረች፣ ሐኪሙ ካናዳ ሲሄዱ መኪናዋ ለወንድማቸው እንደቀረች፣ ወንድምየው እንዴት አድርጎ እንዳጋጫት፣ ከዚያ በኋላ ማን ምኗን እንደወሰደ ሁሉ ሰማሁ። ሻይ አዘዙልኝ። የዲናሞዋን ገዢ እንደማውቀው ጠየቁኝ፤ አላውቀውም ነበር፤ ስልኩን ሰጡኝ። ደወልኩለት። አሁን በዓል ሲመጣ እንጠያየቃለን።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ይስቃል። እሱ ካታሎግ ይከፍታል፣ ይነካል፣ ካርቶን ደጃፉ ላይ ይቀመጥለታል። ለእነዚያ አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች በር ቢሉ ፓራፋንጎ፣ የወለል ላሜራ ቢሉ የወንበር ልብስ በአዲስ መልክ እየተሠራ ይሸጣል። «አንተ አንዲት ጎሚኒ ፍለጋ ቅዳሜህን ትጨርሳለህ» ይለኛል። እውነቱን ነው። እሱ ግን ዕቃ ነው የሚገዛው፤ እኔ ዘመድ ነው የማፈራው። ጂቲኦዋን ለማደስ የረዱትን ሰዎች ስም ጥራ ብለው የሚጠራው የካርዱን የይለፍ ቃል ነው።

በመንገድም ቢሆን ቮልስ የያዘ ሰው ብቻውን አይቆምም። አባቱ ቮልስ ያልነበረው የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቁጥሩ እውነት ከሆነ 21 ሚሊዮኑም እዚህ ነው የተራገፉት። አንዱ መንዳት የተማረባት ናት፣ አንዷ እናቷ ምጥ ይዟት የሄደችባት ናት። የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝና መንጃ ፈቃዴን ሳወጣ፣ «ተወው እሱን፤ ጠዋት ጠዋት አላስነሳ አትልህም?» ብሎ ስለ ካርቡራቶር ያወራኝ ቀን አለ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ ወያላው አንገቱን አውጥቶ፣ «ፋዘር፣ ከሙዚየም ማን ፈቀደላት?» አለ። ፖሊሱም ሳቀ። ሕግ አስከባሪና ወያላ በአንድ ነገር ተስማምተው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስለ ባትሪው የተናገርኩትን እንዳትረሱ፤ አክስቴ አትረሳውም። አክስቴንና ሁለት የዕድር ጓደኞቿን ከኋላ ጭኜ ለቅሶ ልናደርስ እየሄድን ነበር። ሦስቱም ደልደል ያሉ፣ በነጠላ የተከናነቡ ናቸው። ሳሪስ ስንደርስ አክስቴ አየሩን አሸተት አሸተት አደረገችና፣

«ልጄ፣ ዕጣን ይዘሃል?» አለችኝ።

አልያዝኩም። የወንበሩ ሽቦ በሦስቱ እመቤቶች ክብደት ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ ኖሯል፤ የሚጤሰው ከወንበሩ ውስጥ ያለው ጭድ መሰል መሙያ ነው። ሁለት በር ብቻ ባላት መኪና ሦስት እናቶችን በፍጥነት ማውረድ ምን እንደሚመስል አጎቴ በሚገባ ይረዳዋል። ከዚያ ወዲህ ባትሪው ላይ ከካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ተነጥፏል። የዕድሩ እናቶችም የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አውጥተዋል፦ ባትሪው ባለበት በቀኝ በኩል የሚቀመጠው ቀጭን ሰው ነው። ቀጭን ለመባል የሚደረገው ፉክክር ግን ከእሳቱ የበለጠ አስቸግሮኛል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ትሉኝ ይሆናል። አንዳንድ ቅዳሜ ወደ ታች እወርዳለሁና። ቢሾፍቱን፣ ሞጆን አልፌ አዳማ ስደርስ 1,700 ሜትር ገደማ ነኝ፤ ሞተሯ ድምፁ ይወፍራል። ከዚያ በመተሐራ በኩል፣ በሰቃ ሐይቅን ከጎን እያየሁ፣ ፈንታሌ ተራራን ከፊት አድርጌ ወደ 1,000 ሜትር ስወርድ መርገጫው ከእግሬ ሥር ሕይወት ይዘራል። ዳገት የቀሩት ፈረሶች አንድ በአንድ ከቁጥቋጦው ወጥተው ይቀላቀሉኛል፤ በእኔ ሒሳብ አዋሽ ስገባ 31 ሞልተዋል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ የማላውቀውን ዘፈን እዘፍናለሁ። በእነዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ 335 ፈረስ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው የማውቅ ይመስለኛል። ስመለስ እነዚያው ፈረሶች ሳይሰናበቱኝ ተራ በተራ ይቀራሉ። ሞጆ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሲቀድመኝ ሾፌሩ በሐዘኔታ ያየኛል።

በዚህ መንገድ ላይ ዓይኔ ከአንዲት ቀይ መብራት አይነቀልም፤ የዲናሞዋ መብራት ናት። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የምታዞረው አንዲት ቺንጋ ስለሆነች፣ መብራቷ ከበራች ቺንጋዋ ተበጥሳ ሊሆን ይችላል። ቺንጋ ከሌለ ማቀዝቀዣ የለም። «ትንሽ ልንዳና መንደሩ ጋ ልቁም» ያለ ሰው ሞተሩን ይቀቅለዋል። ወዲያው መቆም ነው፣ ጅብ ቢመጣም። ትርፍ ቺንጋ ከፊት ሻንጣው ውስጥ ከዳቦና ከውኃ ጋር ሁልጊዜ ይኖራል።

የአክስቴ ልጅ አምና መጣ። ለእናቱ ሽቶ፣ ለእኔ ማርሚታ ይዞ። ቦሌ ፈታሹ ሻንጣውን ሲከፍት በሁለት ጫማ መካከል በካልሲ የተጠቀለለ የቮልስ ጭስ መውጫ አገኘ፤ ቦምብ አለመሆኑን ለማስረዳት የድሮ ፎቶ ከስልክ ማሳየት ግድ ሆነ። ከማርሚታው ጋር ባለ 6 ቮልት አምፖሎች ነበሩ። የእኔዋ ሞዴል ስትሠራ በ6 ቮልት ነበር፤ ጋሼ ግን ቀድመው ወደ 12 ቀይረዋታል። እዚህ ላይ ጦርነት ተነሳ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ነውር ነው» አለ የአክስቴ ልጅ። «ኦሪጅናሊቲዋ ጠፋ። የእኔዋ እንኳን ሞተሯ፣ ቡሎኗ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው።»

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «በ6 ቮልት ማታ ስትነዳ መንገዱን አታይም፣ መንገዱ ነው አንተን የሚያይህ» አሉት። «ኦሪጅናል ማለት፣ ልጄ፣ ስትሠራ ትሄድ ነበር አይደል? የምትሄድ ናት ኦሪጅናል።»

«እኛ አገር እኮ የሞተሩ ቁጥር ከመኪናዋ ካልተስማማ ዋጋዋ ይወርዳል።»

«እኛ አገር ከሊብሬው ካልተስማማ ቦሎ አይሰጡህም» አሉ ጋሼ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። የአክስቴ ልጅ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣበትን ነገር እዚህ መንግሥት በየዓመቱ ሲያስከብረው ማየቱ ሞራሉን ሳይነካው አልቀረም።

በማግስቱ ሊነዳት ፈለገ። ወደ እንጦጦ ወጣን። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦ ጠበቀ። ምንም አልተፈጠረም። «ተበላሽታለች?» አለኝ። «አይ፣ ይሄው ነው» አልኩት። ወደ ሁለተኛ አወረደ፣ ወደ አንደኛ አወረደ፤ ዕንጨት የተሸከሙ እናቶች አልፈውን ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ግን ፀጥ ብሎ መንዳት ጀመረ። መንገደኛው እጁን ያወዛውዝለታል፤ ልጆች «ቮልስ! ቮልስ!» እያሉ ይሮጣሉ። ቨርጂኒያ ላይ ጂቲኦዋን ሲነዳ እንዲህ ሰላም የሚለው የለም፤ ቀይ መብራት ላይ አጠገቡ የሚቆም ጎረምሳ ሞተሩን ያስጮህበታል እንጂ። ቁልፉን ሲመልስልኝ፣ «ለእኔም አንዲት ፈልግልኝ» አለኝ።

ፍለጋው ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እዚህ ያለችው ቮልስ እዚህ ያለችው ብቻ ናት፤ ደላሎቹም ይህን ካወቁ ቆዩ። ጎረቤቴ የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ስትወጣም ስትገባም አትሰማም። በየጠዋቱ የእኔን የሞተር ድምፅ ሰዓት አድርጎ የሚነሳው ልጁ አሁንም ትምህርት ቤት አያረፍድም። «ባትሪ ግጠምባትና እንደ እኛዋ አድርጋት» ይለኛል ጎረቤቴ። ባትሪ ግጠም ሲባል ምን እንደማስብ አክስቴን ይጠይቃት።

ለአክስቴ ልጅ አንዲት የ1967 ሞዴል አግኝተናል፤ መካኒሳ፣ አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ። ጋሼ ማግኔታቸውን ይዘው ሄደው ነበር። ጎኗ ላይ ሁለት ቦታ ያዘ፤ በጣም ተደሰቱ። ወለሏን አላዩም፤ ባለቤቱ ምንጣፉን ማስገለጥ አልፈለጉም። ቀብድ ተከፍሏል። ጋሼ ለፋሲካ ትደርሳለች ብለዋል፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ እየደወለ ይጠይቃል፣ እኔ ግን ጋሼን አውቃቸዋለሁና አልጠየቅኋቸውም።